የዋንዛው እግር

ኅዳር 3 ቀን 2017

የሚስቴ የሽቱ እናት አልጋ አልተቃጠለም። ሸጥሁት።

ይህችን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ይዣት ኖርሁ። አሁን ስጽፋት ብዕሬ እንኳ አልዘገየም፤ ይኸው ራሱ አናደደኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ ትንሽ ማፈር አለበት።

የጠፍር አልጋ ነበር። እናቷ ሲሞቱ ለሽቱ የደረሳት እሱ ብቻ ነው። በዘጠና አምስት ጌታን ከተቀበልን ገና ዓመት አልሞላንም። የቤት ጸሎት በየቤቱ በተራ ይደረግ ስለነበር ተራው እኛ ጋ ደረሰ። ሰው ሊመጣ ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ ደግሞ የቆዳ አልጋ ተገትሯል። አፈርሁ። ሽቱ ገጠር ለቅሶ በሄደችበት ቀን ለቁራሌው ሸጥሁትና ጥቂት ጨምሬ መስታወት ያለው የቺፑድ ቡፌ አስገባሁ። እኔ አናጺው! ስትመለስ «እናትሽ በበዓል እግሩን ቅቤ ይቀቡት አልነበር? የቆሌ ነገር ነው ተብሎ ተቃጠለ» አልኋት።

ማንም ይቃጠል አላለም። ስለ አልጋው የሚያውቅም ሰው አልነበረም።

ሽቱ ዝም አለች። ሚያዝያ ሲመጣ ከሞተች ሁለት ዓመት ይሆናታል። ዝም እንዳለች ሄደች።

ዛሬ ይህን ያስነሣብኝ የልጃችን የኑኃሚን ስልክ ነው። ዳንግላ አስተማሪ ናት። እሷና ባሏ ወንድማገኝ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተዋል፤ ባዶ ነው። «አባዬ፣ አዲስ ዕቃ አንችልም። አሮጌ አሮጌውን ፈልግልን፤ አንተ እንጨት ታውቃለህ» አለችኝ። እሺ አልሁ። ቀጥላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የአያቴን አልጋ ዓይነት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። እማዬ ነግራኛለች፤ አንተ እንኳ ለጌታ ብለህ ጨከንህበት።»

አድንቃኝ ነው። አድንቃኝ!

ኅዳር 5

ዋጋ ለማወቅ ያህል ሶፋ ቤት ገባሁ። ሻጩ «ጋሼ፣ ስሪቱ የውጭ ነው» አለኝ። ወንበሩን ገለበጥ አድርጌ ሆዱን በጣቴ ብገፋው ውስጡ የቲማቲም ሳጥን እንጨት! ምስማሩ እንኳ አልተመታም፤ ታጥፎ ቀርቷል። በላዩ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ። ለዚህ የአስተማሪ የስድስት ወር ደመወዝ ይጠይቃሉ።

«ዋስትና አለው» አለኝ ደግሞ።

«ለማን?» አልሁት። አልገባውም።

ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በርና ወንበር ስጠግን ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ ባስረክብ ኖሮ አለቃዬ ወንበሩን ራሴ ላይ ይሰብረው ነበር። አሁን ግን በወጣት ሙሽሮች ላይ ሲሠራ ሃይ የሚል የለም።

ኅዳር 9

ደህና ቀን። ሥራ ተቀይሮ ወደ ሌላ ዞን የሚሄድ ሠራተኛ ስልክ እንጨት ላይ «የሚሸጥ የቤት ዕቃ» ብሎ ለጥፎ አገኘሁ። ሚስቱ እያለቀሰች ነው የምታወጣው። ቁምሳጥኑን አንኳኳሁት፣ ጀርባውን ዳሰስሁ፤ የነቀዝ ዱቄት የለውም፤ መጋጠሚያው በምስማር ሳይሆን በጥርስ የተያዘ ነው። ያሉኝን ሰጠሁ፤ አልተከራከርሁም። ከሚያለቅስ ሰው ላይ ዋጋ ማስቀነስ አልችልም። አንድ ያረጀ የትምህርት ቤት ዴስክም መረቁልኝ። ቢላግ ቆንጆ ጠረጴዛ ይወጣዋል።

ከዚያ ይኸነው ጋ ሄድሁ። ከእንጅባራ ገበያ ጀርባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ነው። ከገጠር ሴቶች ጋንና በርጩማ፣ ገበታና ቀንበር በፕላስቲክ ባልዲ እየለወጠ ይሰበስባል፤ ከዚያ ለሆቴልና ለካፌ «ጥንታዊ» ብሎ ይቸበችባል። አሁን አገሩ ሁሉ ቀንበር ግድግዳ ላይ መስቀል ጀምሯል። የሚያርስበት አጥቷል፣ የሚሰቅለው በዝቷል!

ከጓሮው ጭስ ሲወጣ አይቼ እሳት መስሎኝ ገባሁ። ትናንት የተሠራ የቀርከሃ ሌማት በጭስ ላይ ደርድሯል።

«ይኸነው፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እያስረጀሁ ነው ጋሽ ዋኘው።»

«እግዜር የሚያስረጀው አይበቃም?»

«የእግዜር ጊዜ ይፈጃል። ደንበኛ አይጠብቅም።»

አጠገቡ የነበሩ ሁለት ደላሎች ሳቁ። አንድ በርጩማ አንሥቶ «ይኸ የመቶ ሃምሳ ዓመት ነው፤ አንድ ደጃዝማች ፍርድ የሰጡበት» አለኝ። ገለበጥሁት። የቻይና ምስማር።

«ደጃዝማቹ ቻይና ደርሰው ነበር?»

«ለርስዎማ ሌላ ታሪክ ፈልጌ እነግርዎታለሁ» አለና ደላሎቹን ጠቀሳቸው።

ተናድጄ ወጣሁ። ሰው በዕቃ ላይ የሐሰት ታሪክ እየለጠፈ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? የሞተን ሰው ስም ጠርቶ መዋሸት! እንዴት ያለ ልብ ቢኖረው ነው?

ይህን ጽፌ ደጋግሜ አነበብሁት። ይብቃኝ ለዛሬ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ወንድም ጢሞቲዎስ ዛሬ ለምስክርነት ቆሙ። ሰዓት ጠጋኙ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። በዘጠና አምስት የቤት ጸሎቱን የሚመሩልን እሳቸው ነበሩ።

«ትናንት ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ድንች ልገዛ ወርጄ ነበር» አሉ። «እንደ ልማዳቸው ‹አልጋ አቃጣዩ መጣ!› ብለው ሳቁብኝ። ይህ ስም ከወጣልኝ ሃያ ዓመት አልፎታል። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ግን ወገኖቼ፣ ስለ ጌታ ስም መሰደብ ለኔ ሽልማት ነው። ደስ እያለኝ ነው ድንቼን ተሸክሜ የመጣሁት።»

ጉባኤው እልል አለ። እኔም አሜን አልሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው ያልሁት።

አሁን ልጻፈው። አልጋው በተሸጠ በሳምንቱ የሽቱ ታላቅ እህት እታለማሁ ከግምጃ ቤት መጣች። በር ላይ ቆማ «የእናቴን አልጋ አቃጥል ብሎ ያዘዘህ ማነው? ስም ጥራ!» አለችኝ። «ወንድም ጢሞቲዎስ ናቸው» አልሁ። ለምን እሳቸውን? ደግ ናቸው፤ ቢሰሙም አይቆጡም ብዬ ነው። ደግ በመሆናቸው መረጥኋቸው። እታለማሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጄን አልረገጠችም። ገበያውን ግን ሞላችው።

እኔ ደግሞ አሜን እላለሁ።

ኅዳር 18

መንገድ ተዘግቷል። ኔትወርክ የለም። ዴስኩን ስልግ ዋልሁ።

ቡፌው በጎኑ ማበጥ ጀምሯል፤ እርጥበት ገብቶታል። ቺፑድ ይኸው ነው። ሽቱ ቤት ስታጸዳ ሁሉን ትወለውል ነበር፤ ቡፌውን ግን አንድ ቀን ጨርቅ አላስነካችውም። ሲኒም አልደረደረችበትም። ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም። መስታወት ስለሆነ እንዳይሰበር ፈርታ ይሆናል።

ኅዳር 24

ኔትወርክ ተመለሰ። ባይመለስ ይሻል ነበር።

«አባዬ! እልል በል!» ብላ ጀመረች ኑኃሚን። «የጠፍር አልጋ አገኘን! ወንድማገኝ ለሥራ እንጅባራ መጥቶ ይኸነው ጋ አየው፤ እንዳይነግርህ አስጠንቅቄ በአይሱዙ አስጫንሁት። ድንገት ላሳይህ ብዬ ነበር፤ አልቻልሁም!»

ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት። ጥርባ፣ ሐይቁ አካባቢ የነበረ አንድ ማረፊያ ቤት እንግዳ ጠፍቶበት ዕቃውን ሲያወጣ ይኸነው በጅምላ ገዝቶት ነው አለችኝ።

«ርካሽ ነው ደግሞ። ለምን መሰለህ? ሦስቱ እግር ጥቁር ወይራ ነው፤ አራተኛው ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሌላ እንጨት ነው። ጉድለት ነው ብሎ ቀነሰልን።»

ስልኩን ይዤ ተቀመጥሁ።

የሽቱ አባት ፈረሰኛ ነበሩ። ፈረሳቸው ከቤት ነበር የሚያድረው። አንድ ቀን ደንብሮ የአልጋውን እግር ሰበረው፤ ሚስታቸው ደግሞ እርጉዝ ነበሩ፤ ቀናቸው ደርሷል። አባቷ በዚያው ቀን ዋንዛ ቆርጠው በመጥረቢያ ጠርበው ተኩት። ቸኩለው ስለነበር አወፈሩት። ሽቱ የተወለደችው በዚያው ሳምንት፣ በዚያው አልጋ ላይ ነው። ይህን ስትነግረኝ አውራ ጣቷን እግሩ ላይ እያሳለፈች ነበር።

ጉድለት ነው ብሎ ቀነሰ! የሰውየውን እጅ፣ የዚያን ቀን ጭንቀት፣ ጉድለት ብሎ ዋጋ አወረደበት! ደሜ ፈላ።

እኔስ በስንት ሸጥሁት? አላስታውስም። እውነቴን ነው፣ አላስታውስም።

ኅዳር 25

ይኸነው ጋ ሄድሁ። ልቆጣው ነው የሄድሁ፤ ምን ብዬ እንደምቆጣው ግን መንገድ ላይም አልመጣልኝም።

«ለልጄ የሸጥህላት አልጋ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልሁት።

ጭስ የጠገበውን እጁን እየጠረገ «እርስዎ ያውቁታል» አለኝ።

«ከየት አውቄ?»

«ጋሽ ዋኘው፣ ይተዉት እንጂ። ቁራሌው አባቴ ነው ከርስዎ የገዛው። ጋሪው ላይ ተቀምጬ እንዳይወድቅ አልጋውን አቅፌ የሄድሁት እኔ ነኝ። በርዎ አረንጓዴ ነበር። እርስዎ ደግሞ ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ሰው ይመጣል ይሉን ነበር።»

ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥሁም።

«ለልጄ ነግረሃታል?»

«ሱቄ ውስጥ ካለው ሁሉ እውነተኛ ታሪክ ያለው እሱ አልጋ ብቻ ነው» አለ። «ብናገር ኖሮ እጥፍ ይሸጥልኝ ነበር። ለርስዎ ስል ዋጥሁት።»

አስቡት እንግዲህ! ሌማት በጭስ የሚያስረጅ ሰው ለኔ ሲል ዋሸልኝ። አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው!

ኅዳር 28፣ ዳንግላ

ቁምሳጥኑንና ጠረጴዛውን ጭኜ ሄድሁ። ቤታቸው ያምራል። ኑኃሚን ከሰልባጅ ተራ የገዛችውን መጋረጃ አሳጥራ ሰፍታ ሰቅላዋለች። የተሰነጠቀ ጋን ጥግ ላይ አቁማ ደረቅ ሣር ሰክታበታለች። ከሶፋ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ስነግራት ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው።

አልጋው ግድግዳ ተደግፎ ጋቢ ለብሷል።

«ተቀመጥበት እስቲ አባዬ።»

«ወገቤን ያመኛል፤ ዝቅ ያለ ነገር አልችልም» አልኋት።

ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቤቱን በጸሎት ልታስመርቅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይመጣል። «እትዬ እታለማሁም መምጣት አለባት» አለች። «የእናቷን የመሰለ አልጋ ስታይ ምን ትል ይሆን? ምናልባት አንተንም ይቅር ትልሃለች።»

እታለማሁ ገና ከበር ታውቀዋለች። በዚያ እግር ታውቀዋለች።

«ይኸ እግር ነቅዟል» አልሁ። «ሳይሰበር ልቀይርላችሁ።»

ወንድማገኝ ጎንበስ ብሎ አየው። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ አልጋውን የወደድሁት ለእግሩ ነው። አንድ የቸኮለ ሰው ለሚወደው ሰው የሠራው ይመስላል።»

«ነቅዟል ብያለሁ!»

አልነቀዘም። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጠፍሩን በውሃ አርሼ አላላሁትና እግሩን ነቀልሁ፤ በቦታው ብሎኬት ደግፌ ተውሁት። እግሩን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ተመለስሁ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «አባባ፣ ምን ይዘዋል?» ሲለኝ «ማገዶ» አልሁት። ውሸት አንዴ የለመደ አፍ እንዲህ ዝግጁ ነው።

ታኅሣሥ 2

የወይራ እግር ሠራሁ። ከሦስቱ ጋር ወንድማማች ነው፤ ቀለበቱ፣ ውፍረቱ፣ ጥቁረቱ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ አልወጣም። ለቅን ነገር ስሠራ መጋዜ ይጣመምብኝ ነበር፤ ለማታለል ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ጭስም አስነካሁት። አዎ፣ እኔ። እንደ ይኸነው።

የዋንዛው እግር ምድጃው አጠገብ ቆሟል። እሳት አለ። ልክተተው አልሁ። ከተቃጠለ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት የተናገርሁት በጥቂቱ እውነት ይሆናል።

አንሥቼ ሳሸትተው ቅቤ ሸተተኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ፣ በሰው ማረፊያ ቤት ተንከራትቶ፣ አሁንም በስንጥቁ ውስጥ የቆየ ቅቤ ሽታ አለ።

መልሼ አቆምሁት። ለመጸለይ ተንበርክኬ የወይራውን ፍቅፋቂ ስለቅም ቆየሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ግምጃ ቤት

ገበያ ቀን። ኑኃሚን «ሄደህ በአካል ጥራት፤ በስልክ አይሆንም» ስላለችኝ ሄድሁ። እታለማሁ ድንች ዘርግታ ተቀምጣለች። አርጅታለች፤ ምላሷ ግን አላረጀም። ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሴቶች ጋር በአዊኛ ትሳሳቅ ነበር፤ እኔን ስታይ ወደ አማርኛ ዞረች፤ ሁሉም እንዲሰማ።

«ደግሞ መጣህ? ዛሬ ምን ልታቃጥል ነው?»

«እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ኑኃሚን ቤቷን ስለምታስመርቅ...»

«የሽቱ ልጅ ጠርታኝ አልቀርም። ያንተ ቤት ቢሆን በሕልሜም አልገባ።» ድንቹን በእጇ እየለየች ቀጠለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሃያ ዓመት ሲከነክነኝ ኖሯል። እናቴ እግሩን ቅቤ የቀባችው ለምን ይመስልሃል?»

«እኔ እንጃ።»

«እንዳይነቅዝ! እንዳይሰነጠቅ! አባቴ የዋንዛ እርጥቡን ነው የተከሉት፤ እንዳይፈነዳ ብላ ነው። የምን ቆሌ? አንተ ሰው፣ አናጺ አይደለህም እንዴ? እሳቸው ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፣ እንጨት አያውቁም፤ አንተ እንዴት ሳትነግራቸው ቀረህ?»

አውቅ ነበር። ያኔም አውቅ ነበር። እርጥብ ዋንዛ ቅቤ እንደሚፈልግ ማንም አናጺ ያውቃል።

ይህን ስትለኝ ወንድም ጢሞቲዎስ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ብቅ አይሉም! እኔ ከተከመረው የድንች ጆንያ ጀርባ ተሸሸግሁ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

«አልጋ አቃጣዩ! ድንች ልስጥዎት ወይስ ማገዶ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

«ድንች ይሻለኛል እመቤቴ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ?» አሉ።

ትንንሹን፣ ቁስል ያለበትን መርጣ ከተተችላቸው። እያዩ ከፈሉ። «ጌታ ይባርክሽ» ብለው ሄዱ። ሌላ ሻጭ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ሁልጊዜ ከእሷ እንደሚገዙ አሁን ነው የገባኝ።

እታለማሁ ከኋላቸው ስታያቸው ቆየችና «ደግ ይመስላሉ እኮ። የእናቴን አልጋ ግን እንዴት?» አለች፤ ለራሷ ያህል።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

የጌታ እራት። እንጀራው ሲመጣ ወደ ጎን አሳለፍሁ። ጽዋውንም። አጠገቤ ያለው ሰው አየኝ። ወንድም ጢሞቲዎስም ከፊት ሆነው አዩ።

ታኅሣሥ 15

ወንድም ጢሞቲዎስ ቤቴ መጡ። በጋቢያቸው የጠቀለሉት የግድግዳ ሰዓት ይዘዋል፤ በቁልፍ የሚሞላ አሮጌ ሰዓት። አንድ ደንበኛ ሰጥቷቸው ሳይወስደው ሞቷል። ቤተሰቡን ፈልገው አጥተው፣ ጠግነውት ኖሯል።

«ለኑኃሚን ቤት» አሉኝ። «አሮጌ ነገር ትወዳለች አሉ። ትክክል ይቆጥራል።» ከዚያ «ጽዋውን አሳለፍህ። ሰው ላይ ቂም ይዘህ ነው? እኔን ከሆነ ንገረኝ፤ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ አልቻልሁም። ነገርኋቸው። ሁሉንም። ቡፌውን፣ ቁራሌውን፣ «ስም ጥራ» ስትለኝ የማንን ስም እንደጠራሁ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ እንዴት ባረፍሁ! ግራ የገባቸው መሰሉ። ዓይናቸውን ቡፌው ላይ ተክለው «ታዲያ ያ ምስክርነቴስ?» አሉ።

ጣታቸውን ወደ ቡፌው ቀሰሩ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ በጌታ ፊት የኮራሁበት ስድብ... ያንተ አልጋ ነው?»

ተነሡ። ዱላቸውን ላቀብላቸው ብል ራሳቸው አነሡት። በር ላይ ቆመው «ለኔ ነገርኸኝ። ስሜ የጠፋው ግን እኔ ጋ አይደለም፤ ገበያው ነው» አሉ።

ሰዓቱን ጥለውልኝ ሄዱ። ቁልፉን ሞልተውት ነበርና እየቆጠረ ነው።

ታኅሣሥ 17

ኑኃሚን ደወለች፦ «እግሩን ሠራኸው?» ሠራሁት አልኋት። «ታመጣዋለህ አይደል?» አመጣለሁ አልኋት።

የትኛውን እንደማመጣ አልጠየቀችኝም።

በሌላው ሁሉ ስናደድ ኖርሁ፤ በሶፋ ሻጩ፣ በይኸነው፣ ቀንበር በሚሰቅሉት። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብሁ። ገጹ ሁሉ ቁጣ ነው። በኔ ላይ የጻፍሁት ግን እንደ ሌላ ሰው ወሬ አለስልሼ ነው።

ታኅሣሥ 19

አደረግሁት። እንደሆነው ልጻፈው።

ሲነጋ መናኸሪያ ደረስሁ። ለወንድም ጢሞቲዎስ ግምጃ ቤት እንደምሄድ ትናንት መልእክት ልኬላቸው ነበር። ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም አላሉኝም፤ ግን ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ከረጢቱ ጉልበቴ ላይ፣ ሰዓቱና መሣሪያዬ እግሬ ሥር ነበሩ።

ገበያው ሞልቷል። እታለማሁ ለመንገድ ለባብሳ፣ የቀራትን ድንች ልትጨርስ ተቀምጣለች። ከእሳቸው ጋር ስታየኝ «ኧረ! ሁለታችሁም? ዛሬ ገበያውን ልታነዱት ነው!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

እግሩን ከከረጢቱ አወጣሁና ድንቹ ላይ አስቀመጥሁት።

ሳቋ ቆመ። እንደ እናቷ፣ እንደ እህቷ፣ አውራ ጣቷ ሄዶ እንጨቱ ላይ አረፈ።

«አልጋው አልተቃጠለም» አልሁ። «ሸጥሁት። ቡፌ ገዛሁበት። አሁን ኑኃሚን ቤት ነው፤ ሳታውቅ ገዝታዋለች። ይቃጠል ያለ ሰው የለም። ወንድም ጢሞቲዎስ ስለ አልጋው ሰምተው አያውቁም፤ ስማቸውን በሐሰት የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ዓይኗን ከእንጨቱ ሳታነሣ «ጮክ በል» አለችኝ። «እዚያ ጥግ ላሉት አልተሰማም።»

ደግሜ አልሁት። ጮክ ብዬ። በርበሬ ሻጮቹ ዞሩ፤ ጋሪ ነጂው ቆመ። አንዲት ሴት አማርኛ ለማታውቅ ጓደኛዋ በአዊኛ ተረጎመችላት፤ ያችም «እእይ!» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ እንዳታስብለኝ ፈራሁ። አላስባለችኝም። እግሩን በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችው፤ የቀረውን ድንች ለጎረቤቷ ተወችና ተነሣች። ወንድም ጢሞቲዎስን «ቅርጫትዎን ይስጡኝ» አለቻቸው፤ ትልልቁን እየመረጠች ሞላችላቸው። ገንዘብ ሲያወጡ እጃቸውን መለሰችው።

ከግምጃ ቤት እስከ ዳንግላ ማንም አላወራኝም።

ኑኃሚን በር ላይ በደስታ ተቀበለችን። እንግዳው ገና አልመጣም ነበር። እዚያው ቆሜ ነገርኋት። ወንድማገኝ ቀስ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን ሲዘጋ አየሁት።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኋት።

ከዚያ «እግሩን ግጠመው» አለች።

ጠፍሩን አርሼ፣ ብሎኬቱን አውጥቼ፣ የዋንዛውን እግር ወደ ቦታው መታሁት። አልተከራከረም፤ ገባ። ሰዓቱን ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ። የወይራውን እግር ቤት ትቼዋለሁ፤ ቡፌው ውስጥ ነው፤ ሌላ የሚገባበት ነገር የለም።

እታለማሁ ጋቢውን ገልጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጠፍሩ አንድ ጊዜ ጮኸ። ወንድም ጢሞቲዎስ ፕላስቲክ ወንበር ስበው ጥግ ሊይዙ ሲሉ በመዳፏ አጠገቧን መታ መታ አደረገች።

«አባባ፣ ይምጡ እዚህ ይቀመጡ። አልተቃጠለም።»

ሄደው ተቀመጡ። ኑኃሚንም በሌላው ጎን ተቀመጠች። እኔን ተቀመጥ ያለኝ የለም። ጸሎቱ እስኪያልቅ መዶሻዬን እንደያዝሁ ቆምሁ።